በስክሪን ላይ ኳስ ያነጠረው ሰው፦ የዊሊ ሂጊንቦተም ታሪክ

ዛሬ ልጆች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው በቴሌቪዥን ቴኒስ ሲጫወቱ ማየት ማንንም አያስገርምም። የሜዳው ሣር፣ የተመልካቹ ጭብጨባ፣ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው የቴኒስ ጌም ግን ሣር አልነበረውም፣ ተመልካች አልነበረውም፣ ራኬት የያዘ ሰው እንኳ አልነበረውም። የነበረው አንድ ረጅም መስመር፣ በመሀሉ የቆመ አንድ አጭር መስመርና የምትንቀሳቀስ አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሰዎች እሱን ለመጫወት ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር።

ይህን ጌም ያሰበው ሰው ዊሊያም ሂጊንቦተም ይባላል። ጓደኞቹ ዊሊ ይሉት ነበር። የፊዚክስ ባለሙያ ነው። የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሲሠራ የእሱም እጅ ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀሪ ዕድሜውን ያ ቦምብ በዓለም ላይ እንዳይባዛ ሲታገል ኖረ። ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው ታዲያ በዚህ ሁሉ አይደለም። በሳምንታት ውስጥ ተሠርቶ፣ ትንሽ ጊዜ ታይቶ፣ ከዚያ በፈረሰ አንድ ጨዋታ ነው።

የቄስ ልጅ፣ የመሣሪያ ሰው

ዊሊ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 1910 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት ብሪጅፖርት ከተማ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበር። ልጁ ያደገው በኒው ዮርክ ግዛት ካሌዶኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1932 ከዊሊያምስ ኮሌጅ ተመረቀና ፊዚክስ ለመቀጠል ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

ጊዜው ክፉ ነበር። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ተመትታ ሥራ የጠፋበት፣ ገንዘብ የጠፋበት ዘመን ነው። ዊሊም ትምህርቱ ላይ ብቻ ሊቀመጥ አልቻለም፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ውስጥ በቴክኒሺያንነት ተቀጥሮ ይሠራ ጀመር። ዶክትሬቱንም ሳይጨርስ ቀረ። ለጊዜው ነገሩ ውድቀት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሌሎች በወረቀት ላይ ሲያሰሉ እሱ ሽቦ እያገናኘ፣ መሣሪያ እየፈታና እየገጠመ እጁን አፍታታ። ቲዎሪውንም ብየዳውንም የሚያውቅ ሰው ሆነ። ኋላ የጠቀመው ይኸው ነው።

ጦርነትና ብርሃን የምትስል መስታወት

በ1941 ዊሊ ማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ውስጥ ወደነበረው የራዳር ምርምር ጣቢያ ገባ። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ፣ ሞገዱ ዕቃ ላይ ነጥሮ ሲመለስ አውሮፕላን ወይም መርከብ የት እንዳለ የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ማወቁ ብቻ ግን አይበቃም፤ አብራሪው በዓይኑ ማየት አለበት። የዊሊ ሥራ ያንን የሚያሳየውን ስክሪን መሥራት ነበር። በመስታወት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ይተኮሳል፤ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ያበራል። ጨረሩን በኤሌክትሪክ ወደላይና ወደታች፣ ወደቀኝና ወደግራ መምራት ከተቻለ በብርሃን መሳል ይቻላል ማለት ነው።

ቀጥሎ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ወደሚገኘው ሎስ አላሞስ ተወሰደ። እዚያ በድብቅ የሚሠራው የአቶሚክ ቦምብ ነበር። ዊሊ የኤሌክትሮኒክስ ቡድኑ መሪ ለመሆን በቃ። ቡድኑ ከሠራቸው ነገሮች መካከል የቦምቡን ፍንዳታ ጊዜ የሚቆጣጠሩ ሰርኪዩቶች ይገኙበታል። ጁላይ 16 ቀን 1945 የመጀመሪያው ቦምብ በበረሃው ሲፈነዳ ብርሃኑን ከሩቅ ካዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። አንድ ወር ሳይሞላ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ወደሙ።

ከዚያ በኋላ ዊሊ ዝም ብሎ ወደ ቀድሞ ሥራው አልተመለሰም። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ዋሽንግተን ሄዶ፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ካቋቋሙት የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ፌዴሬሽን መሪዎች አንዱ ሆነ። ላብራቶሪ የለመደ ሰው የምክር ቤት አባላትን ደጅ መጥናት ጀመረ። የሳይንቲስቶቹ ጥያቄ የአቶም ጉዳይ ከጦሩ እጅ ወጥቶ በሲቪሎች ይመራ የሚል ነበር። በ1946 የወጣው የአቶሚክ ኃይል ሕግ ይህንኑ አደረገ።

አሰልቺውን ቀን ለማድመቅ

በ1947 መጨረሻ ዊሊ በኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ወደሚገኘው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላብራቶሪ ገባ። በ1951 የመሣሪያዎች ክፍል ኃላፊ ሆነ። ይህ ክፍል ሳይንቲስቶቹ ለምርምራቸው የሚያስፈልጓቸውን የመለኪያና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚሠራ ነው።

ላብራቶሪው በየዓመቱ በመከር ወራት በሩን ለሕዝብ ይከፍት ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣል፤ ተማሪዎች፣ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ቤተሰቦች። ታዲያ የሚያዩት ምንድን ነው? የተሰቀለ ፎቶግራፍ፣ የቆመ ማሽን፣ የተጻፈ ማብራሪያ። ልጆቹ ያዛጋሉ፣ አባትዬው ሰዓቱን ያያል። ዊሊ ይህን ያውቃል። ሰው በእጁ የሚነካው፣ የሚጫወትበት ነገር ቢኖር ቦታው ሕይወት እንደሚዘራ፣ ሳይንስም ለተራው ሰው ኑሮ ቅርብ መሆኑ እንደሚታይ አሰበ።

በክፍሉ ውስጥ ዶነር የሚባል ኩባንያ የሠራው ትንሽ አናሎግ ኮምፒውተር ነበር። አናሎግ ኮምፒውተር እንደ ዛሬዎቹ በዜሮና በአንድ አይቆጥርም። ቁጥሩን በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ መጠን ይወክላል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ቁጥሩ ጨመረ፣ ሲቀንስ ቀነሰ ማለት ነው። አብሮት የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ በማሽኑ ምን ምን ማስላት እንደሚቻል ያሳያል፦ የጥይት መንገድ፣ የሚሳይል መንገድ፣ የምትነጥር ኳስ መንገድ። ሦስቱም የሚወድቁት በአንድ ዓይነት የተፈጥሮ ሕግ ነው። የቦምቡን ጊዜ መቆጣጠሪያ ከሠራው ቡድን የመጣው ሰው ከሦስቱ ኳሷን መረጠ።

ንድፉን ለማውጣት የፈጀበት ሁለት ሰዓት ያህል ነው ይባላል። ከዚያ ዝርዝሩን በጥቂት ቀናት አሟላ። ሮበርት ድቮራክ የሚባል ቴክኒሺያን ደግሞ በሁለት ሳምንት አካባቢ ገጣጠመው። ኦክቶበር 18 ቀን 1958 ለጎብኚዎች ቀረበ።

ኳሷ ለምን እውነተኛ መሰለች?

ስክሪኑ ኦሲሎስኮፕ የሚባል የኤሌክትሪክ ምልክት ማሳያ ነው። ስፋቱ 5 ኢንች ብቻ፣ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም። ሜዳው የሚታየው ከጎን ነው፤ አግድሙ መስመር መሬቱ፣ መሀል ላይ የቆመው አጭር መስመር መረቡ። መሬቱ፣ መረቡና ኳሷ በእርግጥ አንድ ላይ አይሳሉም ነበር። አንዱ ጨረር በተራ በተራ ይስላቸዋል፣ በሰከንድ 36 ጊዜ ይመላለሳል፤ ዓይን ይህን ፍጥነት መከተል ስለማይችል ሁሉም አብረው ያሉ ይመስላል። ተራውን የሚያቀያይሩት ያኔ ገና አዲስ የነበሩት ትራንዚስተሮች ናቸው።

የጌሙ ምስጢር ግን ሥዕሉ አይደለም፣ የኳሷ ጠባይ ነው። ኳሷ ስትመታ በቀጥታ መስመር አትሄድም። ወደላይ ትወጣለች፣ የስበት ኃይል ይጎትታታል፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ጫፍ ላይ ደርሳ መልሳ ትወርዳለች። አየሩም ይይዛታል፤ ሩቅ በሄደች ቁጥር ትደክማለች። መሬት ስትነካ ትነጥራለች። መረቡን ከመታች ወደመጣችበት ትመለሳለች። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሳለው ሰው የለም፤ ኮምፒውተሩ እዚያው በዚያው እያሰላ ነው የሚያስኬዳት። ስለዚህ ሁለት ምት አንድ ዓይነት አይሆንም።

ይህ ለምን አስፈላጊ ሆነ ቢባል፣ የስበትን ሕግ በፊዚክስ ክፍል ያልተማረ ሰው እንኳ በሰውነቱ ያውቀዋል። ሕፃን ልጅ ማንኪያ ሲጥል፣ እረኛ ድንጋይ በወንጭፍ ሲወረውር፣ ጎረምሳ ኳስ ሲለጋ ያው ሕግ ነው። ዓይን ዕድሜ ልኩን የወደቀ ነገር ሲያይ ስለኖረ ውሸቱን ወዲያው ይለያል። በስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ እንደ እውነተኛ ኳስ ከወደቀች ግን አእምሮ የጎደለውን ሁሉ ራሱ ይሞላል። ራኬት ሳይታይ ራኬት አለ፣ ሰው ሳይታይ ሰው አለ።

በቀጣዩ ዓመት በ1959 ዊሊ ጌሙን አሻሽሎ፣ ስክሪኑን አሳድጎ መልሶ አቀረበው። ያን ጊዜ ተጫዋቹ የስበቱን ኃይል መቀየር ይችል ነበር። እንደ ጨረቃ ሲደረግ ኳሷ ቀስ ብላ ተንሳፍፋ ትሄዳለች፤ እንደ ጁፒተር ሲደረግ ደግሞ ከባድ ድንጋይ ይመስል ቶሎ ትወድቃለች። ሜዳው ያው ነው፣ መስመሩ ያው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ተነካክቶ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ሆነ። መቶ ገጽ የፊዚክስ መጽሐፍ የማያስረዳውን ልጆቹ በአውራ ጣታቸው ተረዱት።

የመቼና የየት ጨዋታ

እውነተኛ መምሰል ብቻውን ደግሞ አያስደስትም። ኳስ ስትነጥር ዝም ብሎ ማየት ለደቂቃ ነው። ዊሊ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ሳጥን ሰጠ። ሳጥኗ ላይ ያሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ አንድ ማዞሪያና አንድ ቁልፍ። ማዞሪያው ኳሷ በየትኛው አቅጣጫ እንደምትወጣ ይወስናል፤ ቁልፉ መቼ እንደምትመታ። የምቱ ጉልበት ለተጫዋቹ አልተተወም።

ሁለት ውሳኔ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቴኒስን የሚያውቅ ሰው ጨዋታው ከነዚህ ከሁለቱ እንደማይወጣ ያውቃል። ኳሷ መረቡን እንደተሻገረች በአየር ላይ ልምታት ወይስ ነጥራ ትምጣ? ከፍ አድርጌ ከላዩ ላሳልፍ ወይስ ዝቅ አድርጌ በመረቡ አፋፍ ላስኬዳት? ዝቅ ያደረገ ፈጣን ምት ያገኛል፣ ግን መረቡ ሊይዝበት ይችላል። ከፍ ያደረገ ከመረቡ ያመልጣል፣ ግን ለተቃራኒው ጊዜ ይሰጠዋል። ማንኛውም ምርጫ የሚያስከፍለው ነገር አለ። ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሌላው ነገር፣ ተቃራኒው ሰው ነበር። ኮምፒውተሩ ኳሷን ያስኬዳል እንጂ አይጫወትም። ነጥብም አይቆጥርም፤ ማን እንዳሸነፈ የሚስማሙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። እናት ከልጇ፣ ወንድም ከወንድሙ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ጎብኚዎች ጎን ለጎን ቆመው ይፋለማሉ። በዚያች ትንሽ ስክሪን ፊት ብዙ መቶ ሰው ተሰለፈ። በሌሎቹ የኤግዚቢሽኑ ዕቃዎች ፊት እንዲህ ያለ ሰልፍ አልታየም።

ያልተመዘገበ ፈጠራ

ከ1959ኙ ጉብኝት በኋላ ጌሙ ፈረሰ። ኮምፒውተሩም ኦሲሎስኮፑም ለሌላ ሥራ ይፈለጉ ነበር። ዊሊ ፓተንት አላወጣበትም። በእሱ ዓይን በመመሪያው ላይ ካለችው ኳስ ብዙም ያልራቀ፣ ማንም ሊያስበው የሚችል ቀላል ነገር ነበር። ቢያወጣ ኖሮም ባለቤትነቱ የአሜሪካ መንግሥት ይሆን ነበር እንጂ ወደ ኪሱ የሚገባ ሳንቲም አልነበረም።

ጊዜው አለፈና የቴኒስ ጌም በሌላ በር ተመለሰ። ራልፍ ቤር በ1922 በጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በአይሁዳዊነቱ ከትምህርት ቤት ተባሮ፣ ቤተሰቡ በ1938 ከክሪስታልናኽት ጥቃት ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ኒው ዮርክ አመለጠ። መሐንዲስ ከሆነ በኋላ በተራ ቴሌቪዥን ላይ የሚሠራ የጌም ማሽን ፈጠረ። ማሽኑ በ1972 ማግናቮክስ ኦዲሲ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፤ ከጨዋታዎቹ አንዱ ቴኒስ ነበር። በዚያው ዓመት አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግን አወጣ።

በእነዚህ ጌሞች ሜዳው የሚታየው ከላይ ነው፤ ስለዚህ ስበት የለም፣ ኳሷ አትወድቅም። በዚህ ረገድ ከዊሊ ጌም ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው። ፖንግን የሠራው አለን አልኮርን ግን ሌላ ዘዴ አገኘ። የምትመታውን ዘንግ በስምንት ክፍል ከፋፈላት፤ ኳሷ ያረፈችበት ክፍል የምትመለስበትን አቅጣጫ ይወስናል። ምልልሱ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ኳሷ ትፈጥናለች። እዚህም ያው ነው፣ ደስታው የመጣው ከሥዕሉ ሳይሆን ከየት ልምታትና መቼ ልድረስ ከሚለው ጥድፊያ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2006 ኒንቴንዶ በዊ ስፖርትስ ያወጣው ቴኒስ ደግሞ አያቶችን ሳይቀር ከሶፋ አስነሣ። እዚያ ገጸ ባሕሪዎቹ ራሳቸው ይሮጣሉ፤ ሰውዬው የሚያደርገው እጁን በሰዓቱ መወንጨፍ ነው። ቀድሞ ከመታ ኳሷ ወደ አንዱ ጎን፣ ዘግይቶ ከመታ ወደ ሌላው ጎን ትሄዳለች። ሳጥኗ ተቀየረች እንጂ ጥያቄው የ1958ቱ ነው።

በፍርድ ቤት

ማግናቮክስ በራልፍ ቤር ፓተንት ብዙ ኩባንያዎችን ከሰሰ፤ ባለፉት ዓመታትም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘበት። የተከሰሱት ወገኖች ታዲያ ከዚያ በፊት ጌም የሠራ ሰው ሲያፈላልጉ የዊሊ ስም ወጣ። በ1982 ደግሞ ዴቪድ አል የተባለ የኮምፒውተር መጽሔት አዘጋጅ ታሪኩን አሳተመ። አል ራሱ ተማሪ ሳለ ብሩክሄቨን ሄዶ ጌሙን ተጫውቶ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ አልረሳውም።

ዊሊ ተጠርቶ የምስክርነት ቃሉን ሰጠ። ኒንቴንዶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ይህንኑ ይዞ ፓተንቱን ለማስጣል ቢሞክርም አልተሳካለትም፤ ፍርድ ቤቱ ኦሲሎስኮፑ የቴሌቪዥን የቪዲዮ ምልክት አይጠቀምም ብሎ ወሰነ። በሕግ ቋንቋ የዊሊ ጌም ቪዲዮ ጌም አልነበረም ማለት ነው። እሱ በዚህ ብዙ የተከፋ ሰው አይመስልም። ከጅምሩም አልጠየቀበትም።

ሊታወስበት የፈለገው

በዚያ ሁሉ ጊዜ ዊሊ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ከ1968 ጀምሮ በብሩክሄቨን የኑክሌር ቁሳቁስ ቁጥጥርን በሚመለከት የሙያ ምክር ከሚሰጠው ክፍል ጋር ሠርቷል። ጉዳዩ ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም እንዴት ይመዘናል፣ እንዴት ይቆጠራል፣ ለሰላማዊ አገልግሎት የተባለው ወደ ቦምብ እንዳይሄድ እንዴት ይጠበቃል የሚል ነው። ስለዚሁ የሚጽፍ የሙያ መጽሔትም ከ1974 እስከሚሞትበት ዓመት ድረስ አዘጋጅቷል። ሥራው ሰልፍ የለውም፣ ጭብጨባ የለውም። ስኬቱም አይታይም፤ የተሳካ ቀን ማለት ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ነው።

ደረቅ ሰው ግን አልነበረም። አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋርም አይሶቶፕ ስቶምፐርስ የሚል የሙዚቃ ባንድ ነበረው። ስሙ ራሱ የፊዚክስ ቀልድ ነው። ጌሙን የሠራውም ይኸው ሰው በሌላ ልብ አይደለም፤ ሰው ሲሰለቸው ማየት አይሆንለትም።

ዊሊ ሂጊንቦተም ኖቬምበር 10 ቀን 1994 በጆርጂያ ግዛት ጌይንስቪል ከተማ በ84 ዓመቱ አረፈ። የቤተሰቡ ሰዎች እንደተናገሩት፣ እንዲታወስ የፈለገው የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ባደረገው ጥረት ነበር። ስለ ጌሙ ሲጠየቅ ይመልስ ነበር።

በ1997 ብሩክሄቨን 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ባለሙያዎቹ የዊሊን ጌም እንደገና ሠሩት። ያኔ በሁለት ሳምንት የተገጠመው ይህኛው ሦስት ወር ያህል ፈጀ፤ የድሮዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ከገበያ ጠፍተው ነበር። ሲያልቅ አረንጓዴዋ ነጥብ መስመሯ ላይ ወጣች፣ ጎበጥ ብላ ወረደች፣ ነጠረች። ቤታቸው ባለ ቀለም ጌም ያላቸው ሰዎች ሳጥኗን ይዘው፣ ቁልፉን መቼ እንደሚጫኑ እያሰቡ፣ ዓይናቸውን ከኳሷ ሳይነቅሉ ተጫወቱ።